እስከ ስድስት ሰዓት የማይበሉ ሰዎች

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማግስቱ ስድስት ሰዓት እህል አንቀምስም ብለው በፈረሙ ማግስት፣ የሠራተኞች ክበቡ ባለቤት እትዬ ጭልፋ ሃያ አራት ዳቦ ለግቢው ውሾች በተነች። እየበተነችም ትራገም ነበር።

«ብሉ፣ እናንተ እንኳ ብሉ! እናንተ አልፈረማችሁ!»

ምን ታድርግ? ጉሮሮዋን ነው የዘጉባት። የእሷ ክበብ የሚኖረው በቁርስ ነው። ምሳውንማ ገሚሱ ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል፣ ገሚሱ ወጣ ብሎ ይበላል። ጠዋት ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያ ሁሉ ባለ ክራባት እንቁላል በዳቦውንና ሻዩን ፍለጋ እየተጋፋ ይገባ ነበር። እሷም መጥበሻው ላይ ጎንበስ እንዳለች ሁሉንም እንደየመልኩ ትሰድበዋለች። ስድቧን ካልሰማ ቁርሱ የማይወርድለት ሰው ነበር። ጭልፋ የሚለውን ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው፤ ሳይፈቀድለት ድስት የሚከፍት ካየች ጣቱን በጭልፋ ጀርባ ስለምትለው። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ በግቢው ውስጥ አንድም ሰው የለም።

ይህን የሰዓት ጾም ያመጣው ሥራ አስኪያጁ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእሱ ሠርቶለታል። ዓምና ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ቢሮ ሲገባ ሆዱ ነበር የሚቀድመው። ሐኪሙ በሰዓት ተወስኖ እንዲበላ መከረው፤ በየሁለት ሳምንቱ ደሙን እየመረመረ፣ የግፊት ኪኒኑን እያየ እየቀነሰ ይዞት ቆየ። በስምንት ወር አሥራ ስምንት ኪሎ ጣለ። ጉልበቱን ማመሙ ተወው፣ ማንኮራፋቱ ቀረ፣ ሚስቱም ወደ መኝታ ቤታቸው ተመለሰች ተባለ። ደስ ይላል፣ ማን ይከፋዋል? ችግሩ፣ አንዳንድ ሰው ሲድን መዳኑ ብቻ አይበቃውም፤ በዚያው ሐኪም ካልሆንኩ ይላል።

አንድ ሰኞ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰበ።

«በባዶ ሆዴ ስሠራ ጭንቅላቴ ጥርት ይልልኛል» አለ። «እናንተም ሞክሩት። ሆዳችሁን ማዘዝ ካቃታችሁ እኔ ሥራውን እንዴት ልመናችሁ?»

ከቢሮው በር አጠገብ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አሰቀለ። የሁሉም ስም በተርታ ተጻፈ፣ ከስሙ ፊት ለፊት የወሩ ቀናት። የጾመ ሰው ስድስት ሰዓት ሲሞላ በገዛ እጁ አረንጓዴ ነጥብ ያደርጋል። በወሩ መጨረሻ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ፤ አንድም ቀን ያላጎደለ ሰው በእነሱ ፊት ይሸለማል። «ሕመም ያለበት በዚህ ቅጽ ላይ ስሙን ይጻፍና ይቅር» ማለቱም አይካድም፣ ብሏል። ግን በዚያው ሰሞን የሚቀነሱ ሠራተኞች ዝርዝር ሊመጣ ነው ተብሎ ይወራ ነበር። ታዲያ የትኛው ሞኝ ነው «በሽተኛ ነኝ» ብሎ ፈርሞ የሚሰጣቸው? ቅጹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና ባዶውን ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን ምክትል ሥራ አስኪያጁ በወጥ ቤቱ የጓሮ በር ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ ጭልፋ፣ ሞትኩልሽ።»

«ሙት! ማን ከለከለህ?»

«ቀልዱን ተዪውና ሁለት እንቁላል ቶሎ በይልኝ። ሰውየው ስብሰባ ወጥቷል።»

«ፈርመህ የለም እንዴ? አረንጓዴ ነጥብህስ?»

«ነጥቡን የማደርገው እኔ፣ አንቺን ምን አገባሽ?» አለና የሽንኩርት ጆንያው ላይ ዘፍ አለ።

በልቶ ሲያበቃ ነፍሱ ተመለሰች፤ ነፍሱ ስትመለስ ተንኮሉም አብሮ ተመለሰ። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳው መስታወት ነው፤ ከቢሮዎቹ ወደ ክበቡ የሚሄድ ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሰው ወደ ቁርሱ መሄድ ካልቻለ ቁርሱ ወደ ሰው ይምጣ። ከክበቡ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የአሮጌ ፋይሎች መጋዘን አለ። ከመጋዘኑ ወደ ቢሮዎቹ ፋይል የሚያመላልሱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ። እሳቸው በቀን አሥር ጊዜ ግቢውን ቢያቋርጡ ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አያያቸውም። ምክትሉ ወፋፍራም የካርቶን ክላሴሮች ሰበሰበ፤ በጀርባቸው ላይ የየቢሮውን ቁጥር ጻፈ፤ ከላይ «ምስጢር» የሚል ቀይ ማኅተም መታባቸው። እትዬ ጭልፋ ዳቦና ቅቅል እንቁላል በላስቲክ ትጠቀልላለች፣ ክላሴሩ ውስጥ ትከታለች፣ በሲባጎ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፣ በጋራው ግድግዳ ላይ ባለው መስኮት በኩል የመጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለች። ጥብስ የለም፤ ጥብስ ይሸታል።

«ሽማግሌው ቢከፍቱትስ?» አለች።

«ጋሼ መዝገብ? ምስጢር የተባለ ነገር? ቢሞቱ አይከፍቱትም!»

ሁለቱም ሳቁ።

እውነቱን ነው። ጋሼ መዝገብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ ወረቀት ሲገባ መዝግበው፣ ሲወጣ መዝግበው ነው። ቤታቸው ሲገቡም ፈርመው ነው የሚገቡት እያለች እትዬ ጭልፋ ታሾፍባቸው ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ ራሳቸው የደረጃ እድገት የተከለከለበት ደብዳቤ ታሽጎ መሳቢያቸው ውስጥ ሦስት ቀን አድሯል፤ የእሳቸው መሆኑን እያወቁ አልከፈቱትም፣ ጊዜውን ጠብቀው ለአለቃቸው አደረሱት። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ነው። ጡረታ ሊወጡ አሥራ አንድ ወር ቀርቷቸዋል።

እናም እኚህ ሰው በየጠዋቱ የአሥራ አራት ሰው ቁርስ ታቅፈው ግቢውን ያቋርጡ ጀመር።

«ዘንድሮ ምስጢር በዛ፣ እህቴ» ይሏታል ክላሴሮቹን በብብታቸው እያስተካከሉ። «የሆነ ነገር ሊመጣ ነው።»

«ምን ይታወቃል ጋሼ» ትላለች፣ ሳቋን በሽርጧ አፍና።

ደስታዋን ምን ልበላችሁ! ክበቡ ዳነ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ፣ ሥራ አስኪያጁ አጠገብ ተሰልፈው አረንጓዴ ነጥባቸውን ሲያደርጉ ለማየት ብቻ ባዶ ትሪ ይዛ ወደ ሰሌዳው ትሄዳለች። ገንዘብ ያዥዋ ጉንጯን እየዳበሰች «ቆዳዬ እንዴት እንደጠራ አያችሁልኝ? የጾሙ ነው» ስትል፣ እትዬ ጭልፋ በልቧ «የሦስት እንቁላል ነው፣ ሆዳም!» ትላታለች። ሾፌሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አሁንማ ምግብ ራሱ አስጠላኝ» ይላል፤ ጺሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ሥራ አስኪያጁ ምስኪን ሁሉንም ያቅፋቸዋል። ለእሱ የሠራው መድኃኒት ለሁሉም የሠራ መስሎት ዓይኑ እንባ ያቀራል።

ከእሷ ዝርዝር ውስጥ የሌሉት ጋሼ መዝገብ ብቻ ነበሩ። ቤታቸው በልተው ይመጣሉ ብላ ነበር የምታስበው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልክ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ለምሳ መጡና ልጁ ከሕመም እንደዳነችለት ሰው ፊታቸው በርቶ ተቀመጡ።

«እህቴ፣ ሱሪዬ እኮ ለቀቀኝ! ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጠበቅሁ። ከወንበር ስነሳ አላቃስትም። እንቅልፌም እንደ ልጅ ሆኗል።»

«እርስዎ የምርዎን ነው የሚጾሙት?»

«ምን ማለትሽ ነው? ፈርሜ የለም እንዴ?»

እሷ በሳቅ ፈረሰች። ቆንጅተዋል፣ ሚስት እንፈልግልዎ ብላ አለፈችው። ለምክትሉ ስትነግረው እሱም ፈረሰ። ከሥራ አስኪያጁ በቀር በመሥሪያ ቤቱ የሚጾም አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም የሌላውን ሁሉ ቁርስ ተሸካሚ ነው! እንዲህ ያለ ጨዋታ ከየት ይገኛል?

ሳቁ የቆመው በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት ነው። አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ጋሼ መዝገብ ክላሴሮቹን ሊያነሱ መጡና ሳያነሱ የመስኮቱን ፍሬም ይዘው ቆሙ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጠዋቱ ብርድ ሆኖ ሳለ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል።

«ጋሼ! ምን ሆኑ?»

«አሁን ይተወኛል። መርፌዋ ናት።»

«የምን መርፌ?»

ግራ ቀኝ አዩ። «ለሰው እንዳትነግሪ። ስኳር አለብኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ። ጠዋት ጠዋት እወጋለሁ።»

«ተወግተው ምንም ሳይበሉ ነው የሚመጡት?»

«ድሮ እበላ ነበር። ሐኪሟም ተወግተህ በባዶ ሆድህ እንዳትቆይ ብላኛለች። ግን ሥራ አስኪያጁ ሰውነት ይለምደዋል ብለዋል።»

«እሳቸው ስኳር እንዳለብዎት መች አወቁ! ቅጹ ላይ ለምን አልጻፉም?»

«ጽፌ ልቀነስ? አሥራ አንድ ወር ነው የቀረኝ፣ እህቴ። ለአሥራ አንድ ወር ብዬ የሠላሳ አንድ ዓመቴን ልጣ?»

«እሺ ዛሬን እንኳ ይብሉ። አንዲት ቀን ናት!»

«እንዴት ልብላ?» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ገንዘብ ያዥዋ እንኳ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ጡት እያጠባች ችላዋለች። ሾፌሩ መሪ ይዞ ችሎታል። የሁሉም ሞልቶ የእኔ ቦታ ብቻ ባዶ ቢታይ ምን ይላሉ? ይሄ ሽማግሌ ደክሟል፣ ይሸኝ ነው የሚሉት።»

ይህን ሲሉ የገንዘብ ያዥዋን ክላሴር አንስተው ብብታቸው ሥር አድርገውት ነበር።

እትዬ ጭልፋ አዘነችላቸው። ክፉ ምላስ እንጂ ክፉ ልብ አልነበራትም፤ ቢያንስ እስከዚያ ቀን። አንዲት ሲባጎ መፍታት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። «ይዩ፣ ሁሉም ይበላል፣ እርስዎም ይብሉ» ማለት ብቻ። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። ግን የጋሼ መዝገብን ነገር ታውቃለች፤ ይህን ካዩ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፣ መዝግበው ነው ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርቡት። ከዚያ መጀመሪያ የሚዘጋው የማን በር ነው?

«አይዞዎት፣ ጋሼ» አለች። «ይለምዱታል።»

እዚህ ላይ ትረግሟት ይሆናል። ቆዩ፣ አትቸኩሉ፣ ገና ነው።

በማግስቱ ዘዴ ፈጠረች። «ውሃ እንኳ ይጠጡ፣ ውሃ አይከለከልም» ብላ ብርጭቆ ሰጠቻቸው፤ ውስጡ አራት ማንኪያ ስኳር በጥብጣለች። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ከዚያ መልሰው ብርጭቆው ውስጥ ተፉትና ቀና ብለው አዩዋት። ሲያዩዋት የተቆጡ አልመሰሉም፤ ያዘኑ ነው የመሰሉት።

«ስኳር አለበት። ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው፣ እህቴ? አንቺም?»

ከዚያን ቀን ወዲያ ከእጇ ውሃም አልተቀበሉ። ክላሴሩን ያነሳሉ፣ እጅ ነስተው ይሄዳሉ። እሷም እልህ ያዛት፤ ለራሳቸው ብዬ፣ የራሳቸው ጉዳይ፣ ብላ ለራሷ ነገረች። ሌሊት ግን ላባቸው ይታያታል። ስለዚህ ቅዳሜ ምክትሉን ጓሮ ጠርታ ሁሉንም ነገረችው።

«ስኳር አለባቸው፣ ይወጋሉ። አንድ ነገር ቢሆኑስ? ለእሳቸው ብቻ እንንገራቸው።»

ምክትሉ እንቁላሉን እየላጠ ሰማት። ልጦ፣ ጨው ነስንሶ፣ ግማሹን ጎርሶ ነው የመለሰላት።

«ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው። ጤናቸውን ራሳቸው ያውቃሉ።»

«እጃቸው ይንቀጠቀጣል እኮ!»

«ስሚ፣ እትዬ ጭልፋ። እንግዶቹ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ሐሙስ ጾሙ ያልቃል። የቀረው አራት ቀን ነው። የክበብሽን ውል ማደሻ ደግሞ ዓርብ ነው የምፈርመው። ይህን ሁሉ ቀን አፍሽን ጠብቀሽ ለአራት ቀን ሊያመልጥሽ ነው?»

እሷም እሺ አለች። አራት ቀን ምን አላት? ሰኞን አለፉት፣ ማክሰኞን አለፉት፣ ረቡዕ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አየቻቸው፤ ተነሥተው ሄዱ። ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ አለቀ ብላ አሥራ አራቱን ክላሴሮች ለመጨረሻ ጊዜ አሰረች።

እንግዶቹ በአምስት ሰዓት ይገባሉ። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶቹ የሚያሳየው አሮጌ ፋይል ፈለገና ጋሼ መዝገብ ከላይኛው መደርደሪያ ሊያወርዱ መሰላል ወጡ። እትዬ ጭልፋ በግድግዳው በኩል መጀመሪያ የሰማችው የጠረጴዛ መገልበጥ ነው። ምን እንደሆነ ልቧ ወዲያው ነገራት። የስኳሩን ጣሳ ከነማንኪያው አንስታ ሮጠች።

ከሁለተኛው የመሰላል ደረጃ ነው የወደቁት፤ ብዙ አይደለም፣ ደምም የለም። ሲወድቁ ግን ጠረጴዛውን ይዘውት ወርደዋል፣ ክላሴሮቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። የገንዘብ ያዥዋ ክላሴር ከጎናቸው ሥር ገብቶ ካርቶኑ ተሰንጥቋል፤ ዳቦውና እንቁላሉ ልክ በቀኝ እጃቸው መዳፍ ላይ አርፏል። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል፣ ይተነፍሳሉ፣ ላቡ ከአንገታቸው ይንቆረቆራል።

አጠገባቸው ከመንበርከኳ ሰው ሁሉ ደረሰ። ምክትሉ፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ ሾፌሩ፣ ከሁሉም ኋላ ሥራ አስኪያጁ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የወሰደች አንዲት የቆጣሪ አንባቢ ልጅ ነበረች፤ የውጭ ሠራተኛ ስለሆነች ሰሌዳው ላይ ስሟ የለም፣ ስለ ጾሙም አታውቅ። ሰው እየገፋች ገብታ ኪሳቸውን ፈተሸች፣ ከሸሚዛቸው ደረት ኪስ የሐኪም ቤት ካርድ አወጣች።

«ስኳር አለባቸው! መርፌ የሚወስዱ ናቸው!» ብላ ጮኸች። «ቶሎ ንገሩኝ፣ በልተዋል አልበሉም? ካልበሉ ስኳር አፋቸው ውስጥ እናድርግ። በልተው ከሆነ ግን ስኳሩ ወጥቶባቸው ነው፣ ጨምረን እንጎዳቸዋለን።»

ሁሉም ዳቦውን አየ። ያ ዳቦ የማን እንደሆነ የማያውቁት ሥራ አስኪያጁና ልጅቷ ብቻ ነበሩ።

«በልተዋል!» አለች ገንዘብ ያዥዋ፣ ምላሷ ሳይደናቀፍ። «እጃቸው ላይ አይደል እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቅጭም አለ። «ጋሼ መዝገብ? እርስዎም?» አለ። «ለካ ሲያታልሉኝ ነው የከረሙት።»

የጋሼ መዝገብ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «አል…» አሉ። «አልበ…» ከዚያ ምራቃቸው ብቻ ወጣ። ከእትዬ ጭልፋ በቀር የሰማቸው የለም። እሷ አንድ ሌላ ነገርም አይታለች፤ ካርቶኑ ይቀደድ እንጂ ሲባጎው አልተፈታም። ጠዋት እንዳሰረችው፣ ቋጠሮው ጥፍር እንዳለ ነው። በረሃብ እየወደቁ እንኳ አልከፈቱትም።

«እትዬ ጭልፋ» አለ ምክትሉ ቀስ ብሎ። «ዳቦውን የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ሆነ። ጣሳው በአንድ እጇ ነው፣ ማንኪያው ስኳሩ ውስጥ ቆሟል። በሌላው እጇ ሲባጎውን ከካርቶኑ ላይ ላጠችና ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ማንም አላየም።

«አዎ» አለች። «ጠዋት ሰጥቻቸዋለሁ። በልተዋል።»

«እንግዲያው ስኳሩን አርቂው!» አለች ልጅቷ። እትዬ ጭልፋም አራቀችው።

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ጭነው ወሰዷቸው። መንገዱ ተዘጋግቶ ሆስፒታል ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሐኪሙ ጣታቸውን ወግቶ ሲለካ ማሽኑ ቁጥር ማሳየት እምቢ አለ፤ በጣም ዝቅ ሲል እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሾፌሩ ላይ አፍጥጦ፣ ሳትጠራጠሩ ስኳር መስጠት ነበረባችሁ፣ በልተውም ቢሆን አንድ ሁለት ማንኪያ አይገድላቸውም ነበር፣ አለው። ጭንቅላታቸው ያለ ስኳር ብዙ ቆይቷል አለ። እስከ ቅዳሜ ተነፈሱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ሐሙስ እንግዶቹ መጥተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከሰሌዳው ላይ የጋሼ መዝገብን አረንጓዴ ነጥቦች በጨርቅ ጠረገ፣ አንድ በአንድ፣ ሃያ አንዱንም። «ሐቀኝነት ከሌለበት ምን ዋጋ አለው?» አለ፤ የምር ነው ያዘነው። ሽልማቱን ገንዘብ ያዥዋ ወሰደች። ውሉ ዓርብ ተፈረመ፣ ለሁለት ዓመት።

በሳምንቱ የጋሼ መዝገብ ልጅ የአባቷን ዕቃ ልትወስድ መጣች። መነጽር፣ ሹራብ፣ የጫማ ማንኪያ፣ በካርቶን አድርገው ሰጧት። ካርቶኑን ታቅፋ ግቢውን አቋረጠችና ወደ ክበቡ ገባች። ቀጭን ናት፣ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ጭልፋ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «ሥራ አስኪያጁ ነገሩኝ» አለች። «አባቴ ተደብቆ ይበላ ነበር አሉኝ። እየበላ አልበላሁም ይል ነበር አሉኝ። መጀመሪያ በጣም አፈርኩ። አባቴ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም።»

እትዬ ጭልፋ መጥረጊያ ጨርቋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች።

«በኋላ ግን ሳስበው ደስ አለኝ» አለች ልጅቷ።

«ደስ አለሽ?»

«በየጠዋቱ መርፌውን ወግቶ በባዶ ሆዱ ሲወጣ በር ላይ እየቆምኩ እለምነው ነበር። አንድ ቀን እግሩን ይዤ ሁሉ አልቅሻለሁ። ተዪኝ፣ ሁሉም ችሎት የለም ወይ፣ ብሎኝ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ተራበ ብዬ ሥራ አልሠራም ነበር። ለካ እርስዎ እያበሉልኝ ነበር።» እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «ሐኪሙ ምንም አልበላም ነበር ይለኛል። ማሽናችሁ ተበላሽቶ ነው፣ ያበሉት ሴትዮ አሉ አልኩት። አልተራበም ነበር አይደል? ይንገሩኝ እስቲ። አልተራበም አይደል?»

እትዬ ጭልፋ ዓይኗን ወደ ጓሮው መለሰች። የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ምክትሉ ቁርሱን ሊበላ መጥቶ ከበሩ ጀርባ ቆሟል፣ ጥላው ወለሉ ላይ ይታያታል። ልጅቷ ትጠብቃለች። እውነቱን ብትነግራት ለማን ነው የምትነግረው? አባቷን ትመልስላታለች? እንዲህ እያለች ለራሷ ስታወራ ጊዜው አለፈ።

«አልተራቡም፣ ልጄ» አለች። «ጠዋት ጠዋት ሁለት እንቁላል ይበሉ ነበር።»

«ቅቅል ነው ጥብስ?»

«ቅቅል።»

ልጅቷ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስላል ፈገግ አለች። «ጨው ካልበዛበት አይበላም እሱ። ቤት ውስጥ እኔ ስለምከለክለው። እርስዎ ይሰጡት ነበር?»

«እሰጣቸው ነበር።»

ልጅቷ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የእትዬ ጭልፋን ሁለት እጆች ያዘችና ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው።